የድሮ ላንድክሩዘር ፒካፕ እንዴት ይታደሳል፦ ሞተሩ ይቀየር ወይስ ካምቢዮው?

አሮጌ ፒካፕ ለማደስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሞተር ልግጠምለት?» ነው። እዚያ ጥያቄ ላይ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ሥራ አለ። መኪናው የ40 ሲሪየስ ላንድክሩዘር ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከሚታማው በላይ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። መኪናውን ያደከመው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

የማወራው ስለ ኤችጄ47 ነው፤ በ2ኤች ናፍጣ ሞተር ስለሚሄደው ረጅሙ ፒካፕ። ከ1980 እስከ 1984 የተመረተ ነው፣ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3,980 ሲሲ፣ ወደ 103 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ታላቅ ወንድሙ ኤችጄ45 አነስ ያለውን 3.6 ሊትር ኤች ሞተር ይዟል። ሥራው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ደረጃ 1፦ ሊብሬ፣ ሻንሲ፣ መዶሻ

ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ የሚገኘው ከፊት በቀኝ በኩል፣ ጎማው አካባቢ የሻንሲው ብረት ላይ ነው። ጭቃውንና ቅባቱን በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጽዱና አንብቡት። ብየዳ ያረፈበት ወይም የተፋቀ ከመሰለ ተዉት፣ ሌላ መኪና ይፈለጋል። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ሞተር የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ሞተር በርካሽ ተገዝቶ ቦሎ ሲደርስ ያስለቅሳል።

ቀጥሎ ትንሽ መዶሻ ያዙና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ካሶኒው ሥር ያለውን የኋላ ጫፍና የባሌስትራ መያዣዎቹን ደጋግማችሁ ምቱ። ከዚያ ወደ ጋቢናው ውጡ፦ ምንጣፉ ሥር ያለው ወለል፣ የፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ የጣሪያው አሸንዳ። ቀለሙ ያማረ በር ካያችሁ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉበት። ካልያዘ ላሜራው የለም፣ የምታዩት ስቱኮ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳይፈታ ይመርመር

መኪናው ተነስቶ የሚሄድ ከሆነ ለጊዜው ምንም አትፍቱ። አንድ ሳምንት ንዱት፣ አዳምጡት። ጋራዥ አስገብቶ በአንድ ቀን መበታተን ደስ ይላል፣ ግን የቱ ክፍል ታሞ የቱ እንዳልታመመ ከዚያ በኋላ ማወቅ ከባድ ነው።

ጥቁር ጭስ የሚያንቦለቡል 2ኤች ሁሉ «ሞተሩ አልቋል» ይባላል። ከዚያ ፍርድ በፊት የናፍጣ ፖምፓውን ጀርባ እዩ። ሞተሩ ምን ያህል ናፍጣ መጠጣት እንዳለበት የሚቆጣጠር ስስ ገለፈት እዚያ አለ። አየር መግቢያው ላይ ካለው ጠባብ ጉሮሮ በቀጭን ቱቦ በሚደርሰው የመሳብ ኃይል ይሠራል። ገለፈቱ ከተቀደደ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ፖምፓው ከልክ በላይ ናፍጣ ይረጫል። መኪናው ይጨሳል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዙር) ይዋዥቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፖምፓውን ማንሻ ወደ ማጥፊያው ገፍታችሁ ያዙ። ቱቦውን ነቅላችሁ ቀዳዳውን በጣት ድፈኑና ማንሻውን ልቀቁ። ወዲያው ከተመለሰ ገለፈቱ አየር ያሳልፋል። የዚህ ገለፈት ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ የኮምፕረሽን ልኬት (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ) አሠሩ፣ ስድስቱንም ሲሊንደር። ዋናው ነገር በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው። ሁሉም እኩል ትንሽ ዝቅ ካሉ ሞተሩ አርጅቷል እንጂ አልሞተም። አንዱ ብቻ ተለይቶ ከወደቀ ችግሩ እዚያው ሲሊንደር ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ በሞተሩና በቴስታታው (በላይኛው ክዳኑ) መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ።

የካምቢዮውንና የትራንስፈሩን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) የዘይት መለኪያ ቡሎኖች ሁለቱንም ክፈቱ። ካምቢዮው ጎድሎ ትራንስፈሩ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ በመካከላቸው ዘይት የሚያግደው ጎማ አልቋል። ብዙ ካምቢዮ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ዘይት መሬት ላይ ስላላየ ደህና ይመስለዋል።

ፊት ለፊት፣ ጎማው በሚዞርበት ክብ ብረት ላይ አራት ማዕዘን ራስ ያላት መክደኛ አለች። ስትከፍቷት ወፍራም ግራሶ ማየት አለባችሁ። እንደ ሾርባ የቀጠነ ነገር ከወጣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል። የውስጡ ጎማ መቀየር አለበት። ማርሽ ስታስገቡ ወይም ነዳጅ ስትለቁ «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ክሮቼራ (የሚዞረው ዘንግ መጋጠሚያ) ነው፣ ቀላል ነገር።

ደረጃ 3፦ ውሳኔው

አሁን ወረቀት አውጡና መኪናው ምን ሊሠራ እንደሆነ ጻፉ። ከተማ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ? እህል ጭኖ ከእርሻ? ቤተሰብ ይዞ ረጅም መንገድ? «ሁሉንም» የሚል መልስ ኪስ ያራቁታል።

ባለ አራት ማርሹ መኪና አስፋልት ላይ የሚያስጨንቀው በጩኸቱ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 7.50-16 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። የዲፈረንሻሉ ሬሾ 4.11 ከሆነና አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ከሆነ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ በደቂቃ 2,700 ጊዜ ይዞራል። ኤች55ኤፍ የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አምስተኛው 0.845 ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ዙሩ ወደ 2,300 ይወርዳል። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ሰው ሳይጮህ እንዲያወራ ያደርጋል።

አንዳንዱ መካኒክ ዲፈረንሻሉን ወደ 3.70 እንቀይረው ይላል። እኔ አልስማማም። ያኔ ማርሾቹ በሙሉ ይፈጥናሉ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ መነሳት ያስቸግራል። ኤች55ኤፍ ግን አንደኛውም 4.84 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለዳገት ጉልበት ይሰጣል። የድሮው ካምቢዮ ኤች42 ከሆነ የሱ አንደኛ 3.55 ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ግዢ ለዳገቱም ለሜዳውም ታተርፋላችሁ። ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ስትፈልጉ ካምቢዮውን ከነትራንስፈሩ ጠይቁ፣ ለየብቻ የተገዛ ሁልጊዜ አይገጥምም። አዲሱ ረዘም ስለሚል ከትራንስፈሩ ወደ አክስሎቹ ከሚሄዱት ዘንጎች የፊቱ መርዘም የኋላው ማጠር አለበት። ተቆርጦ የተበየደ ዘንግ ባላንስ ሳይደረግ እንዳይገጠም።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል፣ የ2ኤች 103 ፈረስም ወደ 80 ይጠጋል። ብዙ ሰው የሚመኘው 1ኤችዜድ ሞተር 4,164 ሲሲና ወደ 130 ፈረስ ቢሆንም እሱም ቱርቦ የለውም። እዚህ ሲደርስ 100 አካባቢ ነው። ለውጥ አለው፣ ግን ሻጩ የሚያወራውን ያህል አይደለም።

የ1ኤችዜድ ትልቁ ጥቅሙ መለዋወጫው ነው። በ70 ሲሪየሶቹ የእርዳታ ድርጅትና የመንግሥት መኪኖች ምክንያት የማያውቀው መካኒክ የለም። ነገር ግን 2ኤች በጥርስ ሲሠራ እሱ የታይሚንግ ቀበቶ አለው። ያገለገለ ሞተር ከገዛችሁ ቀበቶውን መጀመሪያ ቀይሩ፣ ከዚያ በየ100,000 ኪሎ ሜትር። ቱርቦ የሚፈልግ ሰው 12ኤች-ቲን ይፈልግ። የ2ኤች የቅርብ ዘመድ ስለሆነ አገጣጠሙ ቀላል ነው፣ ማግኘቱ ግን ዕድል ይጠይቃል። በደከመ 2ኤች ላይ ቱርቦ መጨመር ግን አይሞከር። ሙቀቱን አይችለውም።

የኔ ምክር እንዲህ ነው። ኮምፕረሽኑ ደህና ከሆነ 2ኤችን አቆዩት። ኖዝሎቹንና ፖምፓውን አስለኩ፣ ራዲያተሩን አሳጥቡ፣ ገንዘቡን ኤች55ኤፍ ላይ አውሉ። ሞተሩ ከሞተ ግን 1ኤችዜድን ከነካምቢዮው ከአንድ መኪና ላይ ውሰዱ። የኤሌክትሪኩ ነገር አይረሳ፦ መኪናው 24 ቮልት ሆኖ ሞተሩ ባለ 12 ከሆነ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ጣጣ ይሆናሉ።

ደረጃ 4፦ ፍሬን

ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ፍሬኑ ይታይ። የፊት ጎማችሁ ፍሬን ታምቡር (ከበሮ መሰሉ) ከሆነ የ60 ሲሪየስ ዲስክ ፍሬን ማዛወር የተለመደ ሥራ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ የጋለ ታምቡር ፔዳሉን ብትረግጡትም አይሰማም። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የፍሬኑን ማገዣ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ፖምፕ የሚገኘው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። ሌላ ዓይነት ዲናሞ ከገጠማችሁ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ መገጣጠም

ቀለም መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ሞተሩና ካምቢዮው ባልተቀባው ሻንሲ ላይ ይቀመጡ። ፔዳል፣ የማርሽ ዘንግ፣ ማርሚታ፣ ራዲያተር ሁሉም ቦታቸውን ያግኙ። መያዣዎቹ ይበየዱ። ከዚያ ሁሉም ወርዶ ሻንሲው ይጽዳ፣ ይቀባ። በተቀባ ሻንሲ ላይ የሚበየድ ሰው ቀለሙን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስትፈቱ እያንዳንዱን ሽቦ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ጻፉበት። ቡሎንና ዳዶውን በየላስቲኩ ለይታችሁ አስቀምጡ። አሮጌ የጎማ ቱቦ አንድም እንዳይመለስ።

ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ጭነት ንዱ። ከዚያ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ ቴስታታው ተፈትቶ ከነበረ ዳግም እንዲጠብቅ አድርጉ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን ቡሎኖች አንድ በአንድ በቁልፍ ሞክሩ። አዲስ ባሌስትራ ሲረግጥ እነሱ ይላላሉ።