የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የት ነበር? በማስረጃ ለመከራከር

የጥንቱ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በትክክል የት ቆሞ እንደነበር የሚከራከር ሰው አስቀድሞ የትኛውን ጥያቄ እየመለሰ እንደሆነ መለየት አለበት። ቤተ መቅደሱ በከተማይቱ ነበር ወይ? ዛሬ የመቅደስ ተራራ ወይም ሐረም አሽ-ሸሪፍ በሚባለው ሰፊ መደብ ላይ ነበር ወይ? በመደቡስ ላይ ቅድስተ ቅዱሳኑ የት ያርፍ ነበር? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሊቃውንት በሦስተኛው አለመስማማታቸውን ይዞ የመጀመሪያውን መካድ ክርክሩን ከሥሩ ያበላሸዋል፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም ይህ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ ምስክሮችዎን ይመዝኑ። ፍላቪዩስ ጆሴፈስ ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከመፍረሱ በፊት በዓይኑ ያየ አይሁዳዊ ካህንና የታሪክ ጸሐፊ ነው፤ በዜና አይሁድ የምናውቀው የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ጽሑፍ ግን ከእርሱ ብዙ ዘመን ዘግይቶ የተዘጋጀ ስለሆነ ሁለቱን አያቀላቅሉ።

ልኬት ላይ ሲደርሱ ይጠንቀቁ። ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ ሕግ ስብስብ፣ ሚዶት በተባለው ክፍሉ፣ የመቅደሱ ተራራ 500 በ500 ክንድ እንደነበር፣ ክፍት ቦታውም በደቡብ ከሁሉ የሰፋ፣ ቀጥሎ በምሥራቅ፣ ከዚያም በሰሜን፣ በምዕራብ ደግሞ ከሁሉ የጠበበ እንደነበር ይናገራል። ይህን ሲጠቅሱ የወሰዱትን የክንድ ልክ በግልጽ ያስቀምጡ። ክንዱን 45 ሳንቲ ሜትር ካሉት ጎኑ 225 ሜትር ይሆናል፤ 52.5 ካሉት ግን 262.5 ሜትር ይደርሳል። ቅድስተ ቅዱሳኑ ራሱ 20 በ20 ክንድ ብቻ ስለነበር፣ የ37.5 ሜትሩ ልዩነት ከመላ ስፋቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የዛሬው መደብ በምዕራብ 488፣ በደቡብ 280 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ የሚሽናው ልኬት ሄሮድስ ከማስፋፋቱ በፊት የነበረውን ቅጥር ይመለከታል የሚለውን አስተያየት እኔም እቀበላለሁ። የምዕራቡ ግንብም ይህን የሰፋ መደብ ደግፎ የያዘ እንጂ የቤተ መቅደሱ ግድግዳ አይደለም።

ከተመራማሪዎቹ ሊን ሪትማየር ቅድስተ ቅዱሳኑን ዛሬ በመደቡ ላይ በቆመው የእስልምና ቤተ አምልኮ፣ በዓለቱ ጉልላት፣ ሥር ባለው ዓለት ላይ ያሳርፉታል፤ አሸር ካውፍማን ወደ ሰሜን፣ ቱቪያ ሳጊቭ ወደ ደቡብ ይወስዱታል። በመደቡ ላይ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ስለማይፈቀድ በዚህ ላይ “ይመስላል” ማለት ተገቢ ነው።

የአሜሪካዊው ጸሐፊ የኧርነስት ማርቲን መላምት ግን ከመደቡ ጨርሶ ይወጣል፤ መደቡ የሮማውያን የአንቶንያ ምሽግ ነበር፣ ቤተ መቅደሱም በኢየሩሳሌም ካለው ከግዮን ምንጭ በላይ ነበር ይላል። መልስ ከመስጠትዎ በፊት ጠንካራ ማስረጃውን ያቅርቡለት፤ ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በቤተ መቅደሱ የማይነጥፍ ምንጭ እንደነበር ጽፏል። ከዚያ ሁለተኛ ዜና መዋዕል 3፥1ን ያንሡ፤ ሰሎሞን የሠራው በሞሪያ ተራራ፣ በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ ላይ ነው። አውድማ ነፋስ የሚያገኘው ከፍታ ላይ ይደለደላል፤ ግዮን ግን በቄድሮን ሸለቆ ግርጌ የሚፈልቅ ነው። ጆሴፈስም አንቶንያን በመቅደሱ ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ያደርገዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዮቹን በተገኙበት ቦታ ይለዩ። እ.ኤ.አ. በ1871 ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ክሌርሞን-ጋኖ ያገኘው፣ ባዕድ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚያስጠነቅቀው የግሪክኛ ጽሑፍ ከቦታው የተነቀለ ስለነበር ስለ አቀማመጡ ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1968 በእስራኤላዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ በቤንያሚን ማዛር ቁፋሮ የተገኘው፣ “ለመለከት መንፊያ ስፍራ” የሚል የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ግን ከደቡብ ምዕራቡ የመደብ ማዕዘን ወድቆ እዚያው ግርጌ ተቀብሮ ነበር። ጆሴፈስ ካህኑ ሰንበትን በመለከት የሚያውጅበትን ከፍታ ይጠቅሳል። መደቡ የሮማውያን ምሽግ ነበር የሚልን ተከራካሪ፣ ይህ ድንጋይ በዚያ ማዕዘን ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ይጠይቁት።