ስለ ነብር ስናወራ እነዚህን ስህተቶች እንተው

ከትላልቆቹ የድመት ዘመዶች መካከል እንደ ነብር ሰፊ አገር ያዳረሰ የለም። ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ እስከ ሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ በረዶ ድረስ ይኖራል። ታዲያ ስለሱ የማያወራ ሰው የለም፤ አብዛኛው ወሬ ግን ስህተት ነው።

አቦ ሸማኔን ነብር ማለት። ከዓይኑ እስከ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር ካያችሁ አቦ ሸማኔ ነው፤ ነጠብጣቡም ድፍን ነው። ነብር ጎኑ ላይ ያለው ነጠብጣብ ተሰባስቦ ቀለበት ይሠራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግስላን ሌላ አውሬ ማድረግ። ይሄኛው ሥር የሰደደ ነው። ብዙ ሰው ግስላ ከነብር የተለየና የባሰ ዘር ይመስለዋል። ግስላ ግን ጥቁር ነብር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጥቁረቱ የሚመጣው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ወላጆቹ ሁለቱም ዥንጉርጉር ሆነው ዘረ መሉን ደብቀው ሊይዙ ይችላሉ። ያኔ ከአንድ እናት፣ በአንድ ጊዜ፣ ጥቁርና ዥንጉርጉር ልጆች ይወለዳሉ። ፀሐይ በጎን ስትመታው ጠጋ ብላችሁ ብታዩት (ከአጥር ማዶ ሆናችሁ እንጂ!) ቀለበቶቹ ከጥቁሩ ፀጉር ላይ ብቅ ይላሉ። ጥቁር ነብር እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይስማማዋል፤ እኛም አገር ባሌ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ አለ።

ነብርን ከሰው ርቆ ብቻ የሚኖር ማድረግ። የሕንዱን ሙምባይን የሚያህል ከተማ ውስጥ፣ ሳንጃይ ጋንዲ ብሔራዊ ፓርክ፣ ነብሮች አሉ። ሌሊት ወደ ሰፈር ወጣ ብለው የባዘነ ውሻ ይበላሉ። ነብር ምግብ አያማርጥም፤ ድኩላ ካጣ ዝንጀሮ፣ እሱንም ካጣ አይጥ፣ ጥንዚዛ ሳይቀር። ስለዚህ «እኛ አካባቢ ነብር የለም» ከማለት «አላየነውም» ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ያደነውን ሁሌ ዛፍ ላይ ይሰቅላል ማለት። የሚሰቅለው ጅብና አንበሳ እንዳይቀሙት ነው። ሁለቱም በሌሉበት ስሪላንካ ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ይበላል።

«የትም ስላለ አይጠፋም» ማለት። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። በጥንት ጊዜ ከነበረበት ምድር ሦስት አራተኛ ያህሉን አጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ተመድቧል። ጫካው ይመነጠራል፣ የሚያድነውን እንስሳ ሰው ቀድሞ ያድንበታል፣ ቆዳውም ይሸጣል። በዚያ ላይ መርዝ አለ። ከብቱ የተበላበት ሰው የተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል፤ ነብር ደግሞ ወደ ጀመረው ሥጋ የመመለስ ልማድ አለው። ከሱ ጋር ጅቡም አሞራውም ያልቃል።