ጎንደር ሆኖ በትንሽ ብር ፈንኮ ፖፕ መሰብሰብ

ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ዓይናቸው ጥቁር ክብ፣ አብዛኞቹ አፍ የሌላቸው፣ ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ፊገሮች (ትንንሽ ምስሎች) አይታችሁ ይሆናል። ፈንኮ ፖፕ ይባላሉ። ፈንኮ በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ፖፕ የሚባለው ምርቱ ብቅ ያለው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የፊልም ጀግና በሉት፣ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ገጸ ባሕርይ፣ ዘፋኝ፣ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች፣ ያልተሠራ የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዋጋው ነው። ተራው ፖፕ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። አንዱ ፊገር ገና ጎንደር ሳይደርስ ከ1,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ቢሆንም በዘዴ ከያዙት ተማሪም ደመወዝተኛም የሚያምር ስብስብ ሊኖረው ይችላል።

1. አንድ ርዕስ ምረጡ

ያማረውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ኪሱም ባዶ ይቀራል፣ መደርደሪያውም መልክ አይኖረውም። አንድ አኒሜ፣ አንድ ክለብ፣ ወይም ክፉ ገጸ ባሕርያትን ብቻ ምረጡ። የምትፈልጓቸውን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እያንዳንዱ ፖፕ ካርቶኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለው። ስሙንና ቁጥሩን አብራችሁ ጻፉ። የአንድ ገጸ ባሕርይ ብዙ ዓይነት ስለሚሠራ፣ በስም ብቻ ያዘዘ ሰው ያላሰበው ይመጣለታል።

“ቼዝ” (Chase) የሚባሉትን ለጊዜው እርሷቸው። ከተራው በቀለም ወይም በሆነ ነገር ተለይተው በጥቂቱ የሚወጡ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከስድስት አንድ ነው የሚደርሰው። የሚያምሩ ናቸው፣ ግን በአንዱ ዋጋ ብዙ ተራ ፖፕ ይገዛል። ምርታቸው የቆመውም እንደዚያው ውድ ናቸው።

2. ካርቶኑን ተዉት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ካርቶኑ ጥግ ላይ ትንሽ ከተጨማደደ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ነገ ሊሸጡት ስለሚያስቡ ነው። እኛ ግን የምንሰበስበው ልናየው ነው። ካርቶን የሌለው ፖፕ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡባቸው የውጭ ሱቆች ከአዲሱ በጣም ይረክሳል።

ሌላው ጥቅም የሻንጣ ቦታ ነው። ካርቶኑ የፊገሩን ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ “ሻንጣዬ ሞልቷል” የሚለው ክብደቱ አስጨንቆት አይደለም፤ ሳጥኑ ነው የማይገባለት። ያለ ካርቶን ከሆነ በካልሲ ተጠቅልሎ ጫማ ውስጥ ይገባል።

3. ጥምቀትን ጠብቁ

የጎንደር ሰው ትልቁ ዕድል ይህ ነው። ለጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ጋ ከሚሰበሰበው ሕዝብ ውስጥ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገር የመጣው ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ቅናሽ ያለው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ መልእክታችሁን በጥቅምት መጨረሻ ላኩ። የቁጥሩን ዝርዝርና ፎቶውን አያይዙ። ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዘመድ መሃል የሚያቀያይመው ያልተቆረጠ ዋጋ ነው።

አንድ ሰው ላይ ብዙ አትጫኑ። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ጉምሩክ ላይ የንግድ ዕቃ ይመስላል። ሲመለሱም እጃቸውን ባዶ አትስደዷቸው። በርበሬና ሽሮ አስይዟቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው “ምን ላምጣ?” ይሏችኋል።

4. ዕቁብ ግቡ

አምስት ስድስት ጓደኛሞች ሆናችሁ በየወሩ የምትችሉትን አዋጡ። ዕጣ የወጣለት በብሩ ከዝርዝሩ የመረጠውን ይገዛል። ለብቻ 1,500 ብር በአንዴ ማውጣት ይከብዳል፤ በወር 250 ግን ከምሳና ከማኪያቶ ይቆጠባል። ዕቁቡ ሌላም ጥቅም አለው። የሰለቻችሁን ፊገር መሸጥ ሳያስፈልጋችሁ እርስ በርስ ትለዋወጣላችሁ።

5. ከተማው ውስጥም ፈልጉ፣ ግን እዩ

ፒያሳ ያሉትን የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጠይቁ። ቅዳሜ ገበያ ልባሽ የሚሸጡትንም ተለማመዱ፤ ከልብሱ ጋር አሻንጉሊት አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡ የአዲስ አበባ ሰዎችም አሉ። ከእነሱ ስትገዙ የእግሩን ሥርና የአንገቱን ፎቶ አስልኩ። እውነተኛው ላይ የኩባንያው ጽሑፍና ኮድ ይኖራል። የዓይኑ ቀለም ከመስመር የወጣ፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ሥዕል ጋር የማይመሳሰል፣ ወይም ጠንከር ያለ የኬሚካል ሽታ ያለው ከሆነ ቅጂ መሆኑን ጠርጥሩ። ብሩን በቴሌብር ቀድማችሁ አትላኩ። አዲስ አበባ ያለ ሰው አይቶ ይቀበልላችሁ።

6. ከፀሐይና ከአቧራ ጠብቁ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ቪኒል ከጊዜ በኋላ ቀለሙ ይደበዝዛል። ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ አስቀምጡ። ከአናጺ ቤት የተረፈ የችፑድ ቁራጭ ጥሩ መደርደሪያ ይወጣዋል። የኋላው ረድፍ እንዲታይ የጫማ ካርቶን ጨርቅ አልብሳችሁ ከሥሩ አስገቡ።

በበጋ አቧራውን በለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ አራግፉ። አልኮልና ቤንዚን አታስነኩ፤ ቀለሙን ይልጣል። እግሩ ተጣምሞ ወደፊት የሚደፋ ካለ፣ በሞቀ ግን ባልፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ እግሩን ብቻ ንከሩት። ሲለሰልስ አቃኑትና ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱት።

7. የሌለውን ራሳችሁ ሥሩ

ይህ ለእኔ የሁሉም ጣፋጩ ክፍል ነው። የተጫጫረ፣ ቀለሙ የለቀቀ ፖፕ በርካሽ ስታገኙ አትለፉት። በሳሙና እጠቡ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፈትጉ፣ ከዚያ አክሪሊክ ቀለም ቀቡ። የብረት ወይም የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፤ ለስላሳ ቪኒል ላይ ሳይደርቅ እንደተጣበቀ ሊቀር ይችላል። አፄ ቴዎድሮስን ከፈለጋችሁ ሹሩባውን ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ በሚገኝ፣ ሁለት ክፍሎቹ ሲቀላቀሉ ሊጥ በሚሆነውና በኋላ በሚደርቀው ኢፖክሲ ቅረጹ። ሳይደርቅ በእርጥብ ስፒል መስመሩን አውጡለት፤ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ቀቡት።

ወለቃ የሚባለው መንደርም ሂዱ። ከከተማው በስተ ሰሜን ቅርብ ነው። እዚያ ያሉ ሴቶች የሚሠሯቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ከፖፕ ጋር ቁመታቸው የሚገጥም አላቸው። ዋጋቸውም ከአንድ ፖፕ ጋር አይወዳደርም። ሸክላው ሲወድቅ ስለሚሰበር ግን የታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን።