ጽሑፍዎን ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አድርገው በራስዎ ድረ ገጽ እንዴት ያወጡታል?

ለማተሚያ ቤት ፒዲኤፍን የሚተካከል የለም። በስልክ ለሚያነብ ሰው ግን ቅጣት ነው፤ ገጹ የወረቀቱን ልክ እንደያዘ ስለሚቀር አንባቢው እያንዳንዱን መስመር እያጎላና ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየጎተተ ይደክማል። ኢፐብ የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን ጽሑፉን በስክሪኑ ስፋት ልክ ይደረድረዋል፤ የፊደሉንም መጠን ለአንባቢው ይተውለታል። አሠራሩ የሚያስፈራ አይደለም። ኢፐብ በዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎችን በአንድ በሚጠቀልል ፋይል፣ የታሸገ ትንሽ ድረ ገጽ ነው። የፋይሉን ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይረው ቢከፍቱት ምዕራፎቹን በድረ ገጽ መጻፊያው ቋንቋ በኤችቲኤምኤል ተጽፈው፣ ሥዕሎቹንና ፎንቶቹንም ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኟቸዋል።

መጀመሪያ ጽሑፉን በመጻፊያው ፕሮግራም ላይ ያዘጋጁ። የምዕራፍ ርዕስን ማተለቅና ማድመቅ ብቻ አይበቃም፤ ለዓይን ርዕስ ቢመስልም ለኮምፒውተሩ ተራ አንቀጽ ነው። በማይክሮሶፍት ወርድም ሆነ በሊብሬኦፊስ ከስታይሎቹ ዝርዝር ለምዕራፍ «ሄዲንግ 1»፣ ለንዑስ ርዕስ «ሄዲንግ 2» ይምረጡ፤ ማውጫው በኋላ ከእነዚህ በራሱ ይወጣል። አዲስ ገጽ ለመጀመር ባዶ መስመር መደርደርንም ይተዉ። በወረቀት ላይ ያማረው ክፍተት በትንሽ ስክሪን ላይ ባዶ ገጽ ሆኖ ይመጣል።

ቀጥሎ የፎንት ጉዳይ ነው፤ ብዙ የአማርኛ ኢ-መጽሐፍ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደላት የየራሳቸውን መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ሆሄያት መለያ ቁጥር ላይ የጫኑ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በሌለበት መሣሪያ ላይ ጽሑፉ የማይነበብ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ይሆናል። የቆየ ፋይል ካለዎት አንድ አንቀጽ ቀድተው ብሮውዘር ላይ ባለው የመፈለጊያ ሳጥን ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ይቀጥሉ፤ ካልሆነ ሌላውን ሁሉ አቁመው አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት።

ዩኒኮድ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይደለም። የግዕዝ ፎንት የሌለው መሣሪያ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ ፎንቱን ከመጽሐፉ ጋር ማሸግ ያስፈልጋል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ማንንም ሳያስፈቅዱ መጽሐፍ ውስጥ ማካተት ይቻላል። የእኔ ምርጫ አቢሲኒካ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ወዝ ስላለው በረጅም ንባብ አይሰለችም።

አሁን ካሊበር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ። ሰነዱን ያስገቡና «ኮንቨርት ቡክስ» የሚለውን ተጭነው ውጤቱ ኢፐብ እንዲሆን ይምረጡ። መልክን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ የሚታሸገውን ፎንት የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ቀድመው ኮምፒውተርዎ ላይ የጫኑትን ፎንት እዚያ ይምረጡ። ከፎንቱ ውስጥ መጽሐፉ የማይጠቀምባቸውን ፊደላት የሚያስወግደውን ምርጫም ያብሩት፤ ፋይሉ ይቀልላል። የደራሲውን ስም፣ ርዕሱንና ቋንቋውን መሙላት አይርሱ። ለሽፋኑ ቁመቱ 2560፣ ወርዱ 1600 ፒክስል የሆነ ሥዕል ይበቃል፤ ብዙ የንባብ መሣሪያዎች ቀለም ስለማያሳዩ በጥቁርና ነጭም ይዩት።

ከዚያ ይፈትኑት። ስልክ ይበቃል፤ የንባብ መሣሪያ ካለዎት ግን ይሻላል። ለመግዛት ካሰቡም ውዱን አይመኙ። የእነዚህ መሣሪያዎች ወረቀት መሰል ስክሪን (ኢ-ኢንክ) ኃይል የሚወስደው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ በመሆኑ ርካሹም ለሳምንታት ይቆያል፤ መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ቦታ አይፈጅም። ልዩነት የሚያመጣው የስክሪኑ ጥራት ነው፤ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያለውን ይፈልጉ። የአማዞን የንባብ መሣሪያ በሆነው ኪንድል ላይ ኢፐብን በኬብል መገልበጥ ጥቅም የለውም፤ አማዞን ባዘጋጀው «ሴንድ ቱ ኪንድል» በኩል ይላኩት። ሲከፍቱት ከፎንት ምርጫዎቹ የአሳታሚውን ፎንት ይምረጡ፤ አለበለዚያ የታሸገው ፎንት ሥራ ላይ አይውልም።

የቀረው ማስተናገጃ፣ ማለትም ድረ ገጽዎን ኢንተርኔት ላይ የሚያኖርልዎት አገልግሎት ነው። አንድ ገጽና አንድ ፋይል ለማኖር ዳታቤዝም ሆነ ከባድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ቋሚ ገጾችን ብቻ የሚያስተናግድ ርካሽ አገልግሎት ከበቂ በላይ ነው። ዶሜይኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ፣ ከአንዱ፣ ማስተናገጃውን ከሌላው ይግዙ። ከአስተናጋጁ ጋር ቢጣሉ አድራሻዎ እጅዎ ላይ ይቀራል። «ገደብ የለውም» የሚለውን ማስታወቂያ ትተው በሁለተኛው ዓመት የሚከፈለውን ዋጋ ያንብቡ፤ የመጀመሪያው ዓመት ማባበያ ነው። ከድረ ገጹ ጋር የሚደረገውን ግንኙነት ለሚጠብቀው የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት ገንዘብ የሚጠይቅዎትንም ይለፉት፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ ይሰጣል።

ፋይሉን ከጫኑ በኋላ በሌላ ሰው ስልክ አውርደው ይሞክሩ። ዚፕ ሆኖ ከወረደ ሰርቨሩ (ፋይሉን የሚያድለው የአስተናጋጁ ኮምፒውተር) የፋይሉን ዓይነት አላወቀውም ማለት ነው፤ በመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ የኢፐብን ዓይነት ያስመዝግቡ ወይም አስተናጋጁን ይጠይቁ። የፊደል ግድፈት አርመው ደግመው ሲጭኑ ደግሞ በፋይሉ ስም ላይ የእትሙን ቁጥር ይጨምሩና ሊንኩን ያስተካክሉ፤ ስሙ ካልተለወጠ ብሮውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን አሮጌ ቅጂ ሊሰጥ ይችላል።