ለጡት ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡ ሴቶች የቅድመ ምርመራ ወጪን እንዲችሉ እንዴት መርዳት ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሴቶች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሽታው ገና ሳይሰራጭ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው፤ ሆኖም ተጋላጭነቷ ከፍተኛ የሆነ ሴት ምርመራውን ከሌሎች ቀድማ መጀመርና በየዓመቱ መደጋገም ስለሚኖርባት፣ የአንድ ጊዜ ልገሳ አይበቃትም። እናትዎን፣ እህትዎን ወይም ባልንጀራዎን ለመርዳት ካሰቡ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሥሩ።

መጀመሪያ የቤተሰቡን የሕመም ታሪክ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚልቅ ጥቅም ያለው ሥራ ነው። በእናትም በአባትም ወገን የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር የያዘው ማን እንደሆነና በስንት ዓመቱ እንደታመመ ይመዝግቡ። ከ50 ዓመቷ በፊት የታመመች እናት፣ እህት ወይም ልጅ፣ የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ ዘመድ፣ እንዲሁም ሴትዮዋ ራሷ ከ10 እስከ 30 ዓመቷ ባለው ጊዜ ደረቷ ላይ የወሰደችው የጨረር ሕክምና ለሐኪሙ ትልቅ ትርጉም አላቸው። የአባት ወገን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ነገር ግን ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 በተባሉት ጂኖች ላይ ያለ፣ ለጡትና ለኦቫሪ ካንሰር የሚያጋልጥ ጎጂ ለውጥ ከእናትም ከአባትም የሚተላለፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

ሐኪሙ የዘረመል (የጂን) ምርመራ ካዘዘ፣ የሚቻል ከሆነ በበሽታው ከተያዘችው ዘመድ እንዲጀመር ይጠይቁ። በእርሷ ላይ ለውጡ ከተገኘ የቀሩት የቤተሰቡ አባላት የሚመረመሩት ለዚያው ለአንዱ ለውጥ ብቻ ስለሚሆን ዋጋው በአብዛኛው ይቀንሳል። ለውጡን ያልወረሰች ሴት፣ ሌላ የተጋላጭነት ምክንያት ከሌላት፣ እንደ ማንኛዋም ሴት በመደበኛው ዕድሜ ልትመረመር ትችላለች፤ ይህም የዓመታት ወጪና ጭንቀት ያስቀርላታል።

ከዚያ በኋላ የትኛው ምርመራ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልጋት ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ይጠይቁ። ጎጂ የቢአርሲኤ ለውጥ ላለባቸው ሴቶች በስፋት የሚመከረው ከ25 ዓመት አንስቶ በየዓመቱ ኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሚነሣ ምስል)፣ ከ30 ዓመት አንስቶ ደግሞ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ጨምሮ መነሣት ነው። አልትራሳውንድ ዋጋው ስለቀለለ ብቻ ማሞግራምን ይተካል ብሎ መወሰን አይገባም።

አሁን ወጪውን ይደምሩ። ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሰባስቡት ለመጀመሪያው ምስል የሚከፈለውን ያህል ብቻ ነውና። በምስሉ ላይ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ተጨማሪ ምስል፣ አንዳንዴም ባዮፕሲ (ከጡቱ ትንሽ ናሙና ወስዶ መመርመር) ይታዘዛል። ለተጨማሪ ምርመራ ከሚጠሩት ሴቶች አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም፤ ይህን የሚያረጋግጠው ግን ተከታዩ ምርመራ በመሆኑ፣ ለእርሱ የሚከፈል ከጠፋ ሴትዮዋ ፍርሃቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስለዚህ የባዮፕሲው፣ የመጓጓዣው፣ ከሥራ የምትቀርበት ቀን ገቢና ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው ክፍያ ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ ይግቡ።

ገንዘቡን ሲያፈላልጉ፣ የጤና መድን ካላት ከዚያ ይጀምሩ። ሐኪሙ ከፍተኛ ተጋላጭነቷን በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲጽፍ ይጠይቁ፤ ጥያቄው ውድቅ ከተደረገም ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀብለው ይግባኝ ይበሉ። መድን ከሌላት የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል፣ የካንሰር ማኅበራትንና አሠሪዋን ያነጋግሩ። በየዓመቱ በጥቅምት ወር በሚካሄደው የጡት ካንሰር ግንዛቤ ዘመቻ ነጻ ማሞግራም የሚሰጡ ተቋማት አሉ፤ ከመመዝገቧ በፊት ግን ውጤቱ አጠራጣሪ ቢሆን የቀጣዩን ምርመራ ወጪ ማን እንደሚችል ይጠይቁ።

ከወዳጅ ዘመድ መዋጮ የሚሰበስቡ ከሆነ አስቀድመው ፈቃዷን ይጠይቁ፤ ስለ ዘረመሏ የሚወራው ሁሉ የእህቶቿና የልጆቿም ምሥጢር ነው። ክፍያውን በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ፈጽመው የተረፈውን ለመጪው ዓመት ምርመራ ያስቀምጡላት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ምንም ምልክት ለሌላት ሴት የሚሆን ነው። እብጠት፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ያየች ሴት ግን መዋጮው እስኪሞላ ሳትጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ትሂድ።