እንቅርት ካያችሁ፦ መጠኑን ሳይሆን ሆርሞኑን አስለኩ

ወሎ ደጋው ላይ፣ ደላንታም በሉት ወረኢሉ፣ እንቅርት ብርቅ አይደለም፣ ለዛም ነው "እናቴም ነበረባት" ተብሎ የሚታለፈው። ምክንያቱ ባብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው፣ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው እጢ ሆርሞኑን የሚሰራው በአዮዲን ነው፣ ሲያጣ ያብጣል፣ ተራራማውን መሬት ዝናብና ጎርፍ ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፣ እዛ የበቀለው ገብስም ጤፍም ላይ ብዙ አይገኝም፣ ከአፋር የሚመጣው አሞሌም ባብዛኛው አዮዲን አይጨመርበትም።

እቤት ለማየት መስታወት ያዙና ቀና በሉ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡ፣ ከማንቁርት በታች ያለው እብጠት ከመዋጡ ጋር ሽቅብ ብድግ ካለ ታይሮይድ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የእንቅርቱ ትልቅነት ስለ ሆርሞኑ ምንም አይነግራችሁም። ትልቅ ሆኖ ሆርሞኑ ልክ የሆነ አለ፣ ትንሽዬ ሆኖ ደሞ ልብ የሚያስደልቅ አለ። ሆርሞኑ ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይቻልም፣ እየበሉ መክሳት ነው፣ አንዳንዴ አይን ይፈጣል። ሲያንስ ብርድ ብርድ ይላል፣ ድካም፣ ውፍረት፣ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ መብዛት ምናምን። እየበሉ መክሳት ግን የስኳርም ምልክት ስለሆነ እግረ መንገዳችሁን ስኳር ተለኩ፣ በባዶ ሆድ 126 እና ከዛ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይታያል።

ደሴም ኮምቦልቻም ስትሄዱ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ፣ ቲኤስኤች አንጎል ታይሮይዱን ስራ ብሎ የሚያዝበት ሆርሞን ነው። ወረቀቱ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ቲኤስኤች ከፍ ካለ ባብዛኛው የታይሮይድ ሆርሞኑ አንሷል ማለት ነው፣ ዝቅ ካለ በዝቷል፣ ግልብጥ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ኪኒን ወስዶ መዋጥ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፣ ለሷ ሆርሞን የሚጨምር ላንቺ ልብሽን ሊያስቸግረው ይችላል። ንቅሳቱም ያው፣ እናቶቻችን አንገት ላይ ያምር ነበር፣ ውበቱን አልክድም፣ እንቅርት ግን አይቀንስም።

ለሚያንሰው ሌቮታይሮክሲን ይታዘዛል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ። እኛ ጋ ችግሩ ቡና ነው፣ ኪኒኗን ከአቦሉ ጋር የምትውጥ አለች፣ ቡናው መድሃኒቱን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ዋጡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆዩ፣ ከዛ ቶናም በረካም ጠጡ። የደም ማነስ ኪኒን ወይም ካልሲየም የምትወስዱ 4 ሰአት አራርቁት። ለሚበዛው ደሞ ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል ይሰጣል፣ ልብ ለማብረድ ፕሮፕራኖሎል (አስም ያለበት ሰው ቀድሞ ይናገር)፣ ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል እየወሰዳችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ህመም ከመጣ መድሃኒቱን አቁማችሁ የዛኑ ቀን ነጭ የደም ሴል ተመርመሩ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ካሰብሽ ገና ሳይታዘዝልሽ ለሀኪሙ ንገሪ። እብጠቱ ቶሎ ቶሎ ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን ማሸጊያው ላይ እዩ። ያረጀ ትልቅ እንቅርትን አያጠፋም፣ እንዲያውም ጉብ ጉብ ያለ አሮጌ እንቅርት ያለው ሰው አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞኑ ሊበዛበት ስለሚችል ምልክቶቹን ይከታተል፣ ለልጆቹና ለነፍሰጡሯ ግን ግድ ነው፣ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰጡር 250 ነው የሚያስፈልገው። ክዳን ባለው እቃ ከምድጃውና ከፀሀይ አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ላይም ሊወጣ ሲል ጨምሩት፣ አብሮ ሲንተከተክ ከዋለ አዮዲኑ ይቀንሳል።