ጆይስቲኩ ተለቆ ካሜራው አልቆም ሲል፦ የካሜራ መቆጣጠሪያ ኪቦርድ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ተዘዋዋሪ ካሜራዎችን በአርኤስ 485 መስመር (ትእዛዝ በሁለት ሽቦ በሚያልፍበት) የሚያዝ ኪቦርድ «ተበላሽቷል» ተብሎ ከተጠራሁባቸው ቦታዎች በአብዛኞቹ ኪቦርዱ ጤነኛ ነበር። ደንበኛው ብዙውን ጊዜ የሚደውለው ከእኔ በፊት በመጣ ሰው ምክር ሌላ ኪቦርድ ገዝቶ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ሲሆንበት ነው። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ኃይል መኖሩን፣ ፊውዙንና የኦፕሬተሩን የይለፍ ቃል አስቀድሞ ላየ ባለሙያ ነው።

ምንም ካሜራ አይታዘዝም

ሦስት ነገሮች ብቻ ይፈተሹ፤ ፕሮቶኮሉ (የትእዛዙ ቋንቋ)፣ ባውድ ሬቱ (የመላኪያው ፍጥነት) እና የሽቦው አቅጣጫ። ኪቦርዱ 9600 ላይ፣ ካሜራዎቹ ደግሞ 2400 ላይ ሆነው ሲገኙ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ አምራቾች «ኤ» የሚሉት ፕላሱን ሲሆን ተቃራኒውን የሚጽፉም ስላሉ፣ ፊደሉን ከማመን ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጦ መሞከር ይሻላል፤ መገላበጡ ምንም አያቃጥልም። ከተለመዱት ፕሮቶኮሎች፣ ከፔልኮ ዲና ከፔልኮ ፒ፣ ፔልኮ ፒ የተመረጠ ከሆነ ደግሞ አድራሻው በመስመሩ ላይ ከዜሮ ስለሚቆጠር፣ በአንዳንድ ዕቃዎች ኪቦርዱ ላይ 1 ሲጫን የሚዞረው ሌላ ካሜራ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ፔልኮ ፒን አልመርጥም።

አንዱ ብቻ አይታዘዝም፤ ወይም ሁለቱ አብረው ይዞራሉ

የአድራሻ ጉዳይ ነው። አድራሻው የሚሞላበት የዲፕ ስዊች (በካሜራው ላይ ያሉ ትናንሽ ማብሪያዎች) ጥርሶች ከአንደኛው ጀምሮ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ ይሄዳሉ፤ አድራሻ 5 ማለት አንደኛውና ሦስተኛው ጥርስ የበሩበት ነው። አምስተኛውን ጥርስ ብቻ አብርቶ «አምስት አድርጌዋለሁ» የሚል ገጣሚ ካሜራውን 16 አድርጎታል። ጥርሱ ከተቀየረ በኋላ ካሜራው ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ አዲሱን አድራሻ አያነብም። አድራሻውን በክዳኑ ውስጠኛ በኩል በማርከር ይጻፉት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መሰላል ላይ የሚወጣው ሰው ያመሰግንዎታል።

ጆይስቲኩ ተለቋል፤ ካሜራው ግን ይዞራል

ደጋግሞ የሚመጣው ብልሽት ይህ ነው። ኦፕሬተሩ ጆይስቲኩን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ካሜራው ይዞራል፤ እጁን ሲያነሳ ካሜራው አይቆምም፤ ደንግጦ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ሲያደርገው ይቆማል። በፔልኮ ዲ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሰባት ባይት አለው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ኤፍኤፍ (በኮምፒውተር አጻጻፍ 255)፣ ሁለተኛው የካሜራው አድራሻ፣ የመጨረሻው ደግሞ የመካከለኞቹ አምስት ባይቶች ድምር ነው። ለካሜራ 1 «ቁም» የሚለው ትእዛዝ ኤፍኤፍ 01 00 00 00 00 01 ነው። በመንገድ ላይ አንዲት ቢት ከተበላሸች ድምሩ ስለማይገጥም ካሜራው ትእዛዙን እንዳልሰማ ይጥለዋል። የማዞሪያው ትእዛዝ በብዙ ኪቦርዶች ጆይስቲኩ እስከተያዘ ድረስ ስለሚደጋገም አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ይደርሳል፤ የማቆሚያው ግን ብዙውን ጊዜ የሚላከው አንዴ ብቻ ነው። እሱ የጠፋ ዕለት ካሜራው መጨረሻ የሰማውን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ የማይቆም ካሜራ የሚያመለክተው የታመመ መስመርን ነው፤ በኪቦርዱ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

መስመሩን የሚያሳምመው አገጣጠሙ ነው። አርኤስ 485 እንደ ሰንሰለት ከኪቦርዱ ወደ አንደኛው ካሜራ፣ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው እያለ እንዲሄድ፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ 120 ኦም ሬዚስተር (ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ እንዳይረብሽ) እንዲኖረው የተሠራ ነው። እኛ አገር ግን ከየካሜራው የመጣው ኬብል ሁሉ መቆጣጠሪያ ክፍል ድረስ ይሳብና ጫፎቹ ተጠቅልለው እንደ ችቦ በአንድ ላይ ይታሰራሉ። ለቪዲዮው እንዲህ መሳብ ግድ ስለሆነ ገጣሚው ለትእዛዙም ያው ይመስለዋል። በ2400 ፍጥነት አጭር ቅርንጫፍ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቅርንጫፎቹ ሲረዝሙና፣ ከዚያም በላይ፣ በየካሜራው ውስጥ ያለው 120 ኦም ሬዚስተር ሁሉ በርቶ ሲተው ነው።

መርካቶ ውስጥ በአንድ የገበያ ሕንፃ ላይ ስምንት ዶም (ጉልላት መሰል) ካሜራዎች ነበሩ፤ ኪቦርዱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ኃይሉን ሁሉ አጥፍቼ፣ ኪቦርዱን ከመስመሩ ነቅዬ፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በቴስተር ስለካ 15 ኦም አነበብኩ። ስምንት ጊዜ 120 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰር የሚሰጠው በትክክል ይህንን ነው። የኪቦርዱ አስተላላፊ ቺፕ 54 ኦም ያህል ሸክም እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ፣ 15 ኦም ላይ ድምፁ ሰልሎ ሩቅ ያሉት ካሜራዎች ግማሹን ብቻ ይሰማሉ። የስድስቱን ሬዚስተር አጠፋሁ፤ ንባቡ 60 ሆነ፤ ስድስት ካሜራዎች በዚያው ሰዓት ታዘዙ። በጣም ሩቅ ያሉት ሁለቱ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይስታሉ።

ኮርኒሱ በጂፕሰም ተዘግቶ ስለነበር ባለቤቱ አዲስ ኬብል መሳብን በፍጹም አልፈቀዱም። መፍትሔው እዚያው በተሳበው ኬብል ውስጥ ነበር። ወደ እያንዳንዱ ካሜራ የሄደው ካት 5 የኔትወርክ ኬብል አራት ጥንድ ሽቦ አለው፤ ለትእዛዝ የዋለው አንዱ ብቻ ነው። በብርቱካናማው ጥንድ ወደ አንደኛው ካሜራ መሄድ፣ ካሜራው ተርሚናል ላይ ከአረንጓዴው ጥንድ ጋር ማገናኘት፣ በአረንጓዴው መቆጣጠሪያ ክፍል መመለስ፣ እዚያ ከሁለተኛው ካሜራ ብርቱካናማ ጋር ማያያዝ፣ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። በዓይን ሲታይ አሁንም ችቦ ነው፤ በኤሌክትሪክ ግን ሰንሰለት ሆኗል። የሚበሩት የኪቦርዱና የመጨረሻው ካሜራ ሬዚስተሮች ብቻ ናቸው። ርቀቱ ግን ደርሶ መልስ መቆጠሩን አይርሱ፤ ጠቅላላው ከ1200 ሜትር፣ ካሜራዎቹም ኪቦርዱን ጨምሮ ከ32 ካለፉ ምልክቱን አድሶ የሚያስተላልፍ የ485 ማከፋፈያ (ሪፒተር) መግዛት ግድ ነው።

ሰንሰለቱ ከተስተካከለ በኋላ ኪቦርዱ ተያይዞ፣ ኃይሉ ግን ጠፍቶ የተለካውን ንባብ ሲተረጉሙ 120 ኦም ማለት አንድ ሬዚስተር ብቻ በርቷል ወይም መስመሩ መሐል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ከ50 በታች ሬዚስተር በዝቷል። ረጅም መስመር ላይ የሽቦው የራሱ ኦም ስለሚጨመር 300 ሜትር ላይ 70 ገደማ ቢነበብ ጤነኛ ነው። ኃይል እንደበራ ኦም መለካት ትርጉም የሌለው ቁጥር ከመስጠቱም በላይ ቴስተሩን ሊጎዳ ይችላል።

የዚሁ በሽታ ሌላ መልክ ቃሊቲ አካባቢ በአንድ መጋዘን ገጥሞኛል። ትልቁ ሞተር በተነሳ ቁጥር የአጥሩ ካሜራዎች ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ። ገጣሚው ፕላሱን ከብርቱካናማው፣ ማይነሱን ከቡናማው ጥንድ ወስዶ ኖሯል። ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው የተጠመዘዙት የውጭ ረብሻ ሁለቱንም እኩል እንዲመታና እርስ በርሱ እንዲሰረዝ ነው፤ ከሁለት ጥንድ አንድ አንድ መውሰድ ይህን ጥቅም ያጠፋዋል። ከአንድ ጥንድ አድርጌ፣ ከሦስት ፌዝ ገመዱ ጋር በአንድ ቦይ የተኛውን ክፍል ካራቅሁት በኋላ ቆመ። ጥዋት የበሩን ቅጂ ሲፈልጉ ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ የጎረቤት ጣሪያ ሲቀርጽ ማደሩን ያዩት ሥራ አስኪያጅ ግን ለገጣሚው የነበራቸውን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ካሜራው ሲዞር ይጠፋና እንደገና ይነሳል

ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ይወድቃል። 12 ቮልትን በአንድ ቀጭን የካት 5 ጥንድ 50 ሜትር መላክ ደርሶ መልስ 8 ኦም በላይ ነው፤ ግማሽ አምፔር ሲፈስ አራት ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በዚህ ላይ ገበያው መዳብ በተቀባ አሉሚኒየም ተሞልቷል፤ ካርቶኑ ላይ ንጹሕ መዳብ ተብሎ የተጻፈበትን ሳይቀር ጫፉን በምላጭ ቢፍቁት ውስጡ ነጭ ነው። ኦሙ ከመዳብ በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍም ይሰበራል። እንዲህ ያለ ኬብል ይዞ የሚጠብቀኝ ደንበኛ ካለ ሥራውን አልጀምርም። ዶሙ የሚቀበል ከሆነ 24 ቮልት ኤሲ ትራንስፎርመር ከካሜራው አጠገብ ማኖር ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል።

ዲቪአሩ (የቪዲዮ መቅጃው) ሲጠፋ ብቻ ኪቦርዱ ይሠራል

በአንድ መስመር ላይ ሁለት አዛዦች ተገናኝተዋል። 485 መስመር በአንድ ጊዜ የሚችለው አንድ ተናጋሪ ነው። ዲቪአሩ የኪቦርድ መግቢያ ካለው ኪቦርዱ እዚያ ይግባ፤ ከሌለው ከሁለቱ አንዱ ይነቀል።

የሐምሌና የነሐሴ መብረቅ አንዱን ካሜራ ብቻ ካደነቆረ፣ ቦርዱ ላይ ያለውን ባለ ስምንት እግር የ485 ቺፕ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የኔትወርክ ኪቦርድ የይለፍ ቃሉን «ስህተት ነው» ይላል

በኦንቪፍ (የኔትወርክ ካሜራዎች የጋራ ቋንቋ) የሚያዝ ኪቦርድ ከካሜራው ጋር የሰዓት ልዩነት ካለው፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም ካሜራው ሊመልሰው ይችላል፤ ማረጋገጫው ውስጥ ሰዓት አብሮ ይላካልና። እኛ ዘንድ ልዩነቱ ሰከንድ አይደለም። ካሜራው ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትን 2 ብሎ የሞላ ገጣሚ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስቀርቶታል፤ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት። ሁለቱንም አይቻለሁ። ካሜራውም ኪቦርዱም ከአንድ የሰዓት ሰርቨር እንዲወስዱ ማድረግ ይገባል።

ካሜራው ሳይነካ በራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል

የጆይስቲኩ መሐል ነጥብ ተዛንፏል፤ ከኪቦርዱ ሜኑ ውስጥ ካሊብሬሽን (መሐሉን ዳግም ማስተካከል) ሲደረግ ጆይስቲኩን አይንኩ። ካሊብሬሽኑ ካልያዘ ሻይ ወይም ቡና ፈሶበታል፤ ስኳር የያዘ ፖቴንሽዮሜትር (የጆይስቲኩን አቀማመጥ የሚለካው ክፍል) ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየራል። ከዚያ በፊት ግን ሌሊት ሳይታሰብ መሄድ ይጠቅማል፤ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ካሊብሬት ካደረግሁ በኋላ ያገኘሁት የጥበቃውን ባርኔጣ ጆይስቲኩ ላይ ተሰቅሎ ነው።